ሊያንስ ይችል ነበር

ኦክቶበር 2፣ ሐሙስ

ሐሙስ ሐሙስ በመንደራችን አዳራሽ ብቻቸውን ለሚኖሩ ሽማግሌዎችና ባልቴቶች ምሳ የማበስለው እኔ ነኝ። ዛሬ የሰናፍጭ ሾርባ ነበር፣ ከዚያ ባቄላ በቋሊማ። ድስቱ ተጠርጎ ተበላ። ድሮ የወተት መኪና ይነዳ የነበረው ዴርክ ማንኪያውን ወደ እኔ ቀስሮ፣ አብሳይዋ የማትቀምሰውን ሾርባ እየበላሁ ስለሆነ ነገ ካልነቃሁ ምክንያቱን እወቁት አለ። ጠረጴዛው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅኩ። ስሠራ በመቅመስ ጠግቤ ነው አልኩት።

አልቀመስኩም። ሰሞኑን ምግብ አያሰኘኝም።

ስመለስ ነፋሱ ከፊት ነበር። ድልድዩ ጋ ከብስክሌቴ ወርጄ ትንሽ ዝይዎቹን አየሁ። ዘንድሮ ብዙ ናቸው።

ኦክቶበር 5፣ እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ጎረቤታችን እጄን ይዛ፣ እንዴት አምሮብሻል፣ ምን እየበላሽ ነው እንዲህ የቀጠንሽው አለችኝ። ምንም አልኳት። የቀለድኩ መስሏት ሳቀች። ቀሚሴን ወገቡ ላይ በመርፌ ቁልፍ ይዤዋለሁ።

ከምሳ በኋላ ያው ነገር መጣ። እምብርቴ ዙሪያ ጨምድዶ ይይዘኛል፣ እንደ እርጥብ ፎጣ ይጠመዝዘኛል፣ ከዚያ በራሱ ጊዜ ይለቀኛል። ልብስ ልተኩስ ነው ብዬ ፎቅ ወጥቼ ጋደም አልኩ።

ባሌ ዉቦ አላወቀም። ጡረታ እስኪወጣ የውኃ ቢሮ ሠራተኛ ነበር፤ በየመኸሩ በገበሬው ማሳ ዳር እየዞረ ማን ቦዩን እንደጠረገ፣ ማን ደለል እንዳስተኛበት እየመረመረ ይጽፍ ነበር። አሁንም መንገድ ስንሄድ የሰው ቦይ ውስጥ አንገቱን ሳያሰግግ አያልፍም። ቤቱ ውስጥ ያለውን ግን አያይም። ዛሬ ድንቼን ወደ ሰሃኑ ሳሸጋግርለት እንኳ ቀና ሳይል በላው።

ኦክቶበር 9፣ ሐሙስ

ቸኩያለሁ። ካሮትና ሽንኩርት በድንች የተፈጨ። ሃያ ምናምን ሰው። የዴርክ ቀልድ እንደገና። ዝናብ። ድልድይ። ዝይ።

አንድ ሲጋራ ብቻ።

ኦክቶበር 13፣ ሰኞ

እህቴ ሂልየ መጥታ ነበር። እኔ ጓሮ ልብስ ሳወርድ እሷ ኩሽና ውስጥ ዉቦን ስታነጋግረው መስኮቱ ክፍት ነበር። «እንደ እማዬ እየሆነች እኮ ነው» አለችው። እሱ ምን እንደመለሰ አልሰማሁም። 

እናታችን በእኔ ዕድሜ ነው እንዲህ እየመነመነች የሄደችው። አንድ መኸር ላይ ቦይ ዳር ከብስክሌቷ ጋር ወድቃ ተገኘች። ሁሉም ሰው ካንሰር ነው አለ፤ ማንም ገልጦ አላየም። በዚያን ዘመን እንዲህ የቀጠነ ሰው ሌላ ምን ይሆናል ተብሎ።

እኔን በበጋ በጉሮሮዬ ካሜራ አስገብተው ጨጓራዬን አይተውታል። ንጹሕ ነው፤ ምናልባት ጭንቀት ይሆናል አሉ። እዚያ ካልተገኘ ሌላ ቦታ ተደብቋል ማለት ነው። እፈራለሁ። ለማንም አልነገርኩም። ሆድ ይፍጀው ይባል የለ፣ ሆዴ ይኸው እየፈጀው ነው።

ሂልየ ስትሄድ ብስክሌት ማስቀመጫው ጀርባ አጨስኩ። አንድ ብቻ። ከጠዋቱ ጋር ሁለት።

ኦክቶበር 20፣ ሰኞ

ዉቦ ሳይነግረኝ ሐኪም ቀጠሮ ይዞልኛል። ያውም ማታ ሳህን ሲያደርቅ ነው የነገረኝ። በሚቀጥለው ማክሰኞ ነው፣ በመኪና እንሄዳለን፣ በብስክሌት አይደለም አለ። ማን ጠየቀህ አልኩት። ሳህኑን ከመደርደሪያው ከተተና ሌላ አነሳ። እኔን እንደ ሰው ቦይ ማየት መጀመሩ አናደደኝ።

ኦክቶበር 28፣ ማክሰኞ

ዛሬ የሆነውን እንዳለ ልጻፈው። ንዴቴ ገና አልበረደም።

በድሮው ሐኪማችን ቦታ አዲስ የገባችው ዶክተር ስሜትስ ከአገራችን ደቡብ ጫፍ የመጣች ናት፣ ጉብታ ካለበት አገር። ሲያወሩ የሚዘፍኑ ነው የሚመስሉት። ደግ ልጅ ናት። ችግሩ ግን እኛ የሰሜን ጫፍ ሰዎች፣ ግሮኒንገኖች፣ እንዴት እንደምንናገር ገና አልገባትም። እኛ አንድ ነገር እጅግ ሲያምር፣ ከዚህ በላይ ሊሆን አይችልም ስንል፣ «ሊያንስ ይችል ነበር» ነው የምንለው። ዉቦ የበኩር ልጃችንን ሲያቅፍ ያለው ይህንኑ ነው። በሠርጌ ቀን ሙሽራ ሆኜ ስወጣም ያለኝ ይህንኑ ነው፤ እኔም ደስ ብሎኝ አለቀስኩ። ሌላ ውዳሴ የለንም።

እና ይቺ ልጅ ስለ ሆዴ ስትጠይቀኝ ቆየች። ሲበሉ ነው የሚያምዎት? ከበሉ በኋላ ነው? መብላት ይፈራሉ? እኔ ምን እፈራለሁ፣ አያሰኘኝም እንጂ አልኩ። ማዳመጫዋን ሆዴ ላይ አድርጋ ብዙ ሰማች። ከዚያ ድንገት፣ «ብስክሌት ሲነዱ፣ ነፋሱ ከፊት ሲመጣብዎት፣ ደረትዎ እንዴት ነው?» አለች።

ለሆዴ መጥቼ ስለ ደረቴ። ቶሎ እንድታልፈው ብዬ፣ «ሊያንስ ይችል ነበር» አልኩ። እጅግ ደኅና ነው፣ ይለፈን ማለቴ ነው።

እጇ ኮምፒውተሩ ላይ ቀረ። «ከመቼ ጀምሮ?»

«ሁልጊዜም እንዲሁ ነው።»

«ቆም ሲሉስ ይተውዎታል?»

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ሕመሙ ሊያንስ ይችል ነበር፣ በዝቶብኛል፣ ያልኩ መስሏታል። ላርማት አፌን ስከፍት አጠገቤ የተቀመጠው ዉቦ፣ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ እያሽከረከረ፣ «ድልድዩ ጋ ትወርዳለች» አለ።

«ዝይ ለማየት ነው» አልኩ።

 ከዚያማ ማን ያስቆማታል። ልብሴን አስወልቃ ደረቴንና እግሬን በሽቦ ተበተበችኝ። ሽቦው ከተለጠፈብኝ በኋላ ያልኩት እኮ እንዲህ ማለት ነው ብዬ ሰዋስው ማስተማር አፈርኩ። የልቤን ወረቀት ሁለት ጊዜ አየችው። ሆዴ ውስጥ ደም በጠበበ ቦታ ሲያልፍ የሚያሰማው ዓይነት ፉጨት መስማቷን፣ የልቤም መስመር እንዳላማራት ነገረችኝ። ለሁለቱም ወደ ከተማው ሆስፒታል ላከችኝ።

መኪና ውስጥ ዉቦ ላይ ጮህኩበት። አንተ ቋንቋውን ታውቃለህ፣ እሷ ባትሰማ አንተ ለምን አታርምልኝም አልኩት። የድንች መኪና መንገዱ ላይ ያንጠባጠበውን ጭቃ እየሸሸ ቀስ ብሎ ነዳ። ቤታችን ደጃፍ ደርሰን ሞተሩን ካጠፋ በኋላ ነው የመለሰልኝ።

«በደንብ ነው የሰማችሽ» አለኝ።

ኖቬምበር 4፣ ማክሰኞ

ለሂልየ በስልክ ነገርኳት። የደቡቧ ልጅ ምን እንደሰማች ስነግራት እስክታለቅስ ሳቀች። ዶክተሯ ሠርጋችን ላይ ብትሆን ኖሮ ዉቦን ታስፈርድበት ነበር አለች። ሳቋን ስትጨርስ፣ «አንቺ ግን ከመቼ ወዲህ ነው ዝይ የምታዪው?» አለችኝ። ድስት ሊገነፍልብኝ ነው ብዬ ዘጋሁት። ምድጃው ላይ ምንም አልነበረም።

ኖቬምበር 11፣ ማክሰኞ

የፋኖሱ ማታ። እንደ በየዓመቱ ልጆቹ ፋኖስ ይዘው በየደጁ እየዘፈኑ መጡ፣ ከረሜላ ሰጠሁ። አንዷ ትንሽ ልጅ፣ «አንቺ አያት፣ እጅሽ ቀጭን ነው» አለችኝና እናቷ ጎተተቻት። ምን አጠፋች።

ትናንት ሆስፒታል በማሽኑ ውስጥ አሳለፉኝ። ውጤቱ ዓርብ ነው። እስከዚያ ሁለት ማንኪያ አጃ ብቻ። አያሰኘኝም።

ኖቬምበር 14፣ ዓርብ

ካንሰር አይደለም።

ካንሰር አይደለም፣ ካንሰር አይደለም።

ኖቬምበር 15፣ ቅዳሜ

ትናንት ከዚያ በላይ መጻፍ አልቻልኩም፤ ዛሬ እንደ ሰው ልጻፍ።

የደም ሥር ሐኪሙ ቴርፕስትራ የሚባል ረጅም ሰው ነው፣ ቀስ ብሎ የሚናገር። ፎቶውን አሳየን። አንጀትን የሚመግቡ ሦስት የደም ሥሮች አሉ፤ የእኔ ሁለቱ ሊዘጉ ምንም አልቀራቸውም። ምግብ ሲገባ አንጀት ደም ይጠይቃል፤ የሚመጣለት የለም፤ ስለዚህ ይጮኻል። ያ ነው ሕመሙ። ጭንቀት አይደለም፣ እብደት አይደለም፣ ክፉው በሽታም አይደለም። አንጀቴ ራሰ አልኩ በልቤ፤ ደም ባይደርሰውም ራሰ። ዉቦን ሳየው መሐረቡን አውጥቶ መነጽሩን ይወለውላል። መነጽሩ ንጹሕ ነበር።

ኮቴን ይዤ ስነሳ ሐኪሙ ይቀመጡ አለኝ።

እንዲህ ነው ያለው። የሆድዎን ደም ሥር ማስፋት ይቻላል፤ ትንሽ የሽቦ ቱቦ ይገባል፤ ያ ብዙ አያሳስበኝም። አንጀታቸው ደም ያጠረው ሰዎችን ብዙ ጊዜ የሚወስዳቸው ግን አንጀታቸው አይደለም፤ ልባቸው ነው፣ ወይም ጭንቅላታቸው። አንዱ ደም ሥር ላይ የተጋገረው ስብ ሌላውም ላይ ይጋገራል። ስለዚህ ሆድዎን ከመንካቴ በፊት ልብዎ ይታይ።

ዉቦ ቀኑን ሙሉ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው የጠየቀው፤ የጓሮው ቦይ ደለል ከያዘ ዋናው ቦይ ይታይ ማለትዎ ነው አለ። አዎ፣ እንደዚያ ነው አለው ሐኪሙ። በቀረው ሕይወቴ ቦይ ሆኜ መቅረቴ ነው።

ከዚያ ሐኪሙ ስለ ሲጋራ ጠየቀኝ። አንዳንዴ አልኩ። አንዳንዴ ስንት ነው አለ። ዉቦ አሳለው። ልክ በዚያች ሰዓት ጉንፋን ያዘው።

ኖቬምበር 16፣ እሑድ

አስፕሪን ጀመርኩ። እሱ ደሙን የሚያቀልል ነው፤ ስቡን የሚያወርድ ክኒን፣ ሌላም አለ። ትምባሆዬን ከነቆርቆሮው ለሂልየ ሰጠኋት። ወደ ቆሻሻ ልትጥለው ስትል ቆርቆሮውን እንኳ መልሽልኝ አልኳት። አልመለሰችም። ሰው ሁሉ ያስጠላኛል።

ቡና ስንጠጣ ሐኪሙ ያለውን ሁሉ ነገርኳት። ብስኩቷን እንደያዘች ቀረች። ሁለታችንም አንድ ነገር እያሰብን እንደሆነ አውቀናል፤ እሷ ቀድማ አወጣችው። እማዬ ግማሽ ድንች በልታ ሰሃኗን ትገፋ ነበር። እኛ ልጆቿ ቋጣሪ እንላት ነበር፤ ለሰው የምትሰስት፣ ለራሷም የምትሰስት እያልን እየሳቅን። ምናልባት ስስት አልነበረም አለች ሂልየ። መብላት ያማት ይሆናል። ያ ቦይ ዳር የወደቀችውም ቀን ነፋሱ ከፊቷ ይሆናል።

ማን ያውቃል አልኩ። ሁለታችንም ግን ያወቅን ይመስለኛል። ሂልየ ስታለቅስ ልጅ ሆነን ካየኋት ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው። አንጀቴን በላችው። እንደ እማዬ መሆን እፈራ ነበር፤ አሁን ግን እማዬን አንድ ጊዜ ባገኛት ብዬ ተመኘሁ፤ ግማሽ ድንቿን ሳልታዘብባት።

ኖቬምበር 20፣ ሐሙስ

የሐሙሱን ምሳ ሌሎች ሠሩ። ዴርክ ሾርባው ውኃ ውኃ ይላል፣ ያቺ የማትበላዋ ትመለስልን ብሏል አሉ። ጽፌ ላስቀምጠው፤ እሱ ማንንም አመስግኖ አያውቅም።

ረቡዕ ልቤን ያያሉ። ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ትምባሆው ነው የሚሆነው።

ኖቬምበር 26፣ ረቡዕ

በእጄ አንጓ ነው የገቡት። አላስተኙኝም፤ ጣሪያውን እያየሁ ሁሉንም ሰማሁ። መጀመሪያ ማየት ብቻ ነው ብለውኝ ነበር።  ከዚያ ባለ ጭንብሏ ሐኪም፣ ይህቺን ደም ሥር አሁኑኑ እንክፈታት፣ አንጠብቅም አለች። ደረቴ ላይ ያ ድልድዩ ጋ የሚመጣው ነገር መጣ፤ መጣና ጥቂት ቆይቶ ተነሳ። ሲነሳ ታወቀኝ። በዚያች ጠረጴዛ ላይ ተኝቼ፣ እጄ ታስሮ፣ ለካ ለብዙ ጊዜ ደረቴ ላይ የተቀመጠ ነገር ነበር አልኩ።

ወደ አልጋዬ ከመለሱኝ በኋላ መጋረጃው ጀርባ ሁለት ነርሶች ሲያወሩ ሰማሁ። ያቺ በሩ አጠገብ የተኛችዋ ክረምቱን የምታልፍ አልነበረችም አለች አንዷ። ሌላዋ፣ ሆዷ ነው ያወጣት አለች። መጀመሪያ ስለ ሌላ ሴት የሚያወሩ መስሎኝ አዘንኩላት። በሩ አጠገብ የተኛሁት እኔ ነኝ።

ዲሴምበር 3፣ ረቡዕ

ዶክተር ስሜትስ ጋ ለደም ግፊት ሄድኩ። ዉቦ ውጭ መኪናው ውስጥ ቀረ። መናገር አለብኝ ብዬ መንገዱን ሙሉ አስቤበታለሁ። ሰው በስሕተት ዳነ ብሎ ዝም ማለት ለእሷም አይገባም፤ ነገ ሌላ ሽማግሌ መጥቶ ስለ ሚስቱ ስትጠይቀው ሊያንስ ይችል ነበር ቢላት ምን ልታደርግ ነው።

ስለዚህ የቃሉን ትርጉም ነገርኳት። እኛ ዘንድ ከሁሉ የበለጠ ምስጋና ነው፤ ያን ቀን ደረቴ ደኅና ነው ማለቴ ነበር፤ እርስዎ ግን ተቃራኒውን ሰሙኝ አልኳት።

ፊቷ ቀላ። ጥቂት አሰበችና፣ «ታዲያ ደረትዎ ደኅና ነበር?» አለችኝ።

 ዝይዎቹን ልላት አፌ ላይ መጣ። ከፊቴ የተቀመጠችው ልጅ ግን ልጄን ታህላለች፣ ዓይኗን ከእኔ አላነሳችም።

«አልነበረም» አልኳት። «ያመኝ ነበር። ከበጋ ጀምሮ። ካልኩት ደግሞ እውነት ይሆናል ብዬ ፈራሁ።»

እጄን ያዘች። ደቡቦች እንዲህ ናቸው፣ ሰው ይነካሉ። እኔም አልነጠቅኳትም። እንግዲያው ደረትዎን ሁልጊዜ ብጠይቅዎ ትክክለኛውን ይነግሩኛል አለችኝ፤ እነግርሻለሁ አልኳት፣ አንቱታውን ረስቼ። ከዚያ ቃሉን እየደጋገመች አጠናች። አነጋገሯ አያድርስ ነው።

መኪናው ውስጥ ገብቼ ነገርኳት ብዬ ለዉቦ ስነግረው፣ እንዴት ናት አለኝ። ሊያንስ ይችል ነበር አልኩት። ሳቀ። ዉቦ ሲስቅ ድምፅ የለውም፣ ትከሻው ብቻ ነው።

ዲሴምበር 10፣ ረቡዕ

የሆዱም ተሠራ። በሰላም። ከዚያ በላይ አልጽፍም፣ እንቅልፍ።

ዲሴምበር 13፣ ቅዳሜ

ከትናንት ጀምሮ ቤቴ ነኝ። ምሳ ላይ ዉቦ ጎመን በድንች ሠርቶ ነበር፤ ጨው በዝቶበታል። ጥቂት በላሁና እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ጠበቅኩ። እሱም ጋዜጣውን ይዞ ጠበቀ። አንድም ገጽ አልገለጠም። ሕመሙ የሚመጣበት ጊዜ ደረሰ፣ አለፈ። የፀሐዩ ብርሃን ከጠረጴዛው ወደ ወለሉ ወረደ። ምንም አልመጣም።

ከዚያ ቡናው ደረሰ። በእኛ አገር ደንቡ የታወቀ ነው፤ ምሳ በምሳ ሰዓት፣ እራት በእራት ሰዓት፣ በመሐል አንድ ስኒ ከአንድ ብስኩት ጋር፣ ከዚያ ቆርቆሮው ይከደናል። ዉቦ በሕይወቱ ሁለተኛ ብስኩት አንስቶ አያውቅም። ከደነው።

«ዉቦ፣ ራበኝ» አልኩ።

ቃሉ ከአፌ ሲወጣ እኔንም አስደነገጠኝ። እዚህ ደብተር ላይ ስንት ጊዜ አያሰኘኝም ብዬ ጽፌያለሁ። ውሸት ነው። ያላሰኘኝ አንድ ቀን የለም። ሐሙስ ሐሙስ ከዚያ ሾርባ እንፋሎት ፊት ቆሜ ምራቄን እየዋጥኩ ነው የጨለፍኩላቸው። በሕልሜ ዳቦ ስበላ አድሬ ስነቃ አለቅስ ነበር። ይርበኝ ነበር፣ ከበጋ ጀምሮ ይርበኝ ነበር፤ እየራበኝ ምግብ መፍራቴን ለማንም፣ ለራሴም፣ መንገር አልቻልኩም።

ዉቦ ሰዓቱን አላየም። እራት ሊደርስ ነው አላለም። ተነስቶ መጥበሻውን ጣደ፣ የተረፈውን ድንች ከተፈ፣ ቅቤ ጨመረ፣ ሽንኩርት፣ አንድ እንቁላል ሰበረበት። ጀርባውን ሰጥቶኝ ነው የሚያበስለው፣ ፊቱን እንዳላይ። ሰሃኑን አምጥቶ ፊቴ አስቀመጠና ቆሞ ቀረ።

ሁሉንም በላሁት። ቅቤውንም በዳቦ ጠረግኩት።

«ሌላ እንቁላል ልስበር?» አለኝ።

«ስበር» አልኩት።